ትንፋሽና ጭንቀት፤ ከወታደር ልብ እስከ ፈተና አዳራሽ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ ለሆነው ለዚህ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ከመካከላችን ስለ ጦርነት ወይም ስለ ታላላቅ ሰዎች ይሁን ያሉ ብዙዎች ነበሩ። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ማንም ባላሰበው ነገር፥ ይኸውም በሰው ትንፋሽ ታሪክ ላይ ነው። ትንፋሽ ደግሞ ምን ታሪክ አለው ብሎ የሚጠይቀን አንባቢ ቢኖር እኛም አስቀድመን ይህንኑ ጠይቀን ነበርና አንቀየመውም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በፈተና ቀን ነው። የፈተናው ወረቀት ገና ሳይታደል ከመካከላችን አንዲት ልጅ በድንገት ደረቷን ይዛ «መተንፈስ አቃተኝ» አለች። ትንፋሿ እየፈጠነ ሄደ፤ ከንፈሯን ነዘራት፤ ጣቶቿም ደነዘዙና ተኮራመቱ። በዙሪያዋ የነበርነው ሁሉ ፍርዳችን ልዩ ልዩ ነበር። አንዱ የልብ ሕመም ነው አለ፤ ሌላው መጋኛ መትቷት ነው አለ፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን ደግሞ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ ዛሬ ራሱም አፍሮበታል) «ሳታጠና ቀርታ ነው፤ ማስመሰል ነው» አለ። የቀረነውም «በደንብ ተንፍሺ! አየር ሳቢ!» እያልን ጮኽንባት። እርሷም የታዘዘችውን ለመፈጸም አየሩን በኀይል በሳበች ቍጥር ባሰባት።

በዚህ ጊዜ ፈተናውን ይቈጣጠሩ የነበሩት መምህር መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና «አትሳቢ፥ አውጪ፤ ቀስ አድርገሽ አውጪ» አሏት። ራሳቸውም አብረዋት ቀስ ብለው ይተነፍሱ ጀመር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣቶቿ ተፍታቱ፤ ፈተናውንም ተፈተነች።

ሁላችንም ሳቢ ስንል እርሳቸው አውጪ ማለታቸው እንቈቅልሽ ሆኖብን መልሱን ስንፈልግ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ከዚያም ያገኘነው ታሪክ ከጠበቅነው ይልቅ ረዥም ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የገረመን፥ ጓደኛችን «ማስመሰል ነው» ብሎ የፈረደው ፍርድ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በፊት በጦር ሜዳ ወታደሮች ላይ ሲፈረድ የነበረ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የጥንት ሰዎች ትንፋሽና የሰው ውስጣዊ ሕይወት አንድ ወገን መሆናቸውን ያውቁ እንደ ነበረ ቋንቋቸው ይመሰክራል። በግእዝ ነፈሰ ከሚለው ግስ ነፋስም፥ ነፍስም፥ መንፈስም፥ እስትንፋስም ይወጣሉ። የዕብራይስጡ ሩሐና የግሪኩ ፕኔውማ ነፋስንም መንፈስንም ያመለክታሉ፤ የላቲኑ ስፒሪቱስም ትንፋሽና መንፈስ ማለት ነው። በህንድ አገር በሳንስክሪት ቋንቋ ፕራና የሚባለው እንደዚሁ ትንፋሽም የሕይወት ኀይልም ነው።

ሆኖም ትንፋሽን በሥርዓት መለማመድን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጠው በጽሑፍ ያቈዩት የህንድ ሰዎች ናቸው። በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው የዮጋ መጽሐፍ ከዘረዘራቸው ስምንት ክፍሎች አራተኛው ፕራናያማ፥ ማለት ትንፋሽን መግዛት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ስቫትማራማ የጻፈው ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተባለውም መጽሐፍ የትንፋሽ መናወጥና የልቡና መናወጥ አብረው እንደሚሄዱ ያስተምራል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መለየት ይገባል። የእነዚህ ሰዎች አሳብ ልቡናን ለተመስጦ ማዘጋጀት ነበር እንጂ ጭንቀት የያዘውን በሽተኛ ማከም አልነበረም። ትንፋሽን እንደ ሕክምና በመሣሪያ መመርመር የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ሲሆን፥ በህንድ አገር ስዋሚ ኩቫላያናንዳ የተባለ ሰው በ1924 በሎናቭላ ካይቫልያዳማ የተባለውን የምርምር ተቋም መሥርቶ የዮጋን ልምምድ በራጅና በሌላም የሳይንስ መሣሪያ መመርመር ጀመረ።

አሁን ወደ ወታደሮቹ እንመለስ።

በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፥ ከ1861 እስከ 1865 ድረስ፥ ፊላደልፊያ ከተማ በነበረው በተርነርስ ሌን ሆስፒታል ጄኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም ይሠራ ነበር። ወደ እርሱ ይላኩ ከነበሩት ወታደሮች ብዙዎቹ ጥይት ያልነካቸው፥ የሚታይ ቍስል የሌላቸው ነበሩ። ነገር ግን ልባቸው በኀይል ይመታል፤ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፤ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፤ እንቅልፍም አይወስዳቸውም። ከእነርሱ ብዙዎቹ ትኵሳትና ተቅማጥ ታመው፥ ረዥም የእግር ጕዞ ተጕዘው፥ ውጊያም አይተው የመጡ ነበሩ። ሐኪሙ ደረታቸውን እያዳመጠ ቢመረምር የልብ ብልሽት ያላገኘባቸው ብዙዎች ነበሩ።

በዚያን ዘመን እንዲህ ላለው ወታደር ሁለት መልስ ብቻ ነበረ፤ ወይ በሽተኛ ነው፥ ወይ ፈሪ። በዚያው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሦስቱ ሐኪሞች ኪን፥ ሚቸልና ሞርሃውስ በ1864 በሽታን እያስመሰሉ ከግዳጅ ስለሚሸሹ ወታደሮች አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል። እነዚህን ሐኪሞች አንወቅሳቸውም፤ ከጦር ሜዳ ለመቅረት የሚያስመስል ሰው በየትኛውም ሠራዊት አይጠፋም። ዳ ኮስታ ግን ከሦስት መቶ የሚበልጡትን ወታደሮች አንድ በአንድ ጠይቆ፥ ሁሉም ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሕመም መናገራቸውን መዘገበና ሕመሙ እውነተኛ ነው ብሎ በ1871 ጻፈ። የሰጠውም ስም «በቀላሉ የሚታወክ ልብ» የሚል ነው። በኋላ «የወታደር ልብ» ተባለ፤ በእርሱም ስም «የዳ ኮስታ ሕመም» ተባለ። በእኛ አስተያየት የዚህ ሐኪም ታላቅነት ምክንያቱን በማግኘቱ አይደለም፤ ምክንያቱን ከልብ ላይ ይፈልግ ነበርና አላገኘውም። ታላቅነቱ የሚታመሙትን ሰዎች ማመኑ ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጡትም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ ፈልገዋል። ማየርስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በ1870 ጥፋቱን በወታደሮቹ ጥብቅ ልብስና ደረት በሚያጠብቀው ጠፍር ላይ አሳቦ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በዚሁ ሕመም ሲወድቁ፥ የታወቀው የልብ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ ሕመሙን «የድካም ሕመም» ብሎ ሰየመና ወታደሮቹን ከማስተኛት ይልቅ በመጠን እየጨመረ በሚሄድ ስፖርት ማሠራት ጀመረ። በመጨረሻ በ1941 ፖል ዉድ የተባለ ሌላ የልብ ሐኪም፥ ሕመሙ ከልብ ሳይሆን ከፍርሃትና ከጭንቀት የሚመጣ መሆኑን በሰፊው አስረዳ። ከዳ ኮስታ ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ሰባ ዓመት መሆኑ ነው።

ነገር ግን ጭንቀት በአሳብ ያለ ነገር ከሆነ ጣትን የሚያደነዝዘው በምን መንገድ ነው? የዚህ መልስ የመጣው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከድንጋይ ከሰል ጕድጓድና ከኦክስፎርድ ከተማ ነው።

ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ሊቅ የጋዝን ነገር የሚመረምረው ራሱን መሞከሪያ እያደረገ ነበር። ራሱን በታሸገ ክፍል ዘግቶ የገዛ ትንፋሹን መልሶ ይተነፍስ ነበር፤ የከሰል ጕድጓድ በፈነዳ ጊዜም ወርዶ ሠራተኞቹን የገደለው ጋዝ ምን እንደ ሆነ ያጠና ነበር። በ1905 እርሱና ፕሪስትሊ የተባለ ባልደረባው ትልቅ ነገር አሳወቁ። ሰው የሚተነፍሰው ኦክሲጅን ስላነሰው ይመስለናል፤ በተለመደው ጊዜ ግን ትንፋሽን የሚያዘው በደም ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር፥ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሱ በጥቂቱ ሲጨምር አእምሮ «ተንፍስ» ብሎ ያዛል፤ ሲቀንስ ዝም ይላል። እንግዲህ በትምህርት ቤት ቆሻሻ አየር ነው ብለን የተማርነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሰውነት በልክ የሚያስፈልግ ነገር ሆኖ ተገኘ።

ይህ ከታወቀ በኋላ የቀረው ሥራ ቀላል ነበር። በ1920 ግራንትና ጎልድማን የተባሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰው አውቆ በኀይልና በፍጥነት ሲተነፍስ ቢቈይ እጁ እንደሚደነዝዝና ጡንቻው እንደሚኮራመት አሳዩ። በ1937 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ዊልያም ኬርና ባልደረቦቹ ጭንቀት ያለባቸውን በሽተኞች መርምረው ከሚያማርሩበት ሕመም ብዙው ከልክ በላይ በመተንፈስ የሚመጣ መሆኑን ጻፉ። በሽተኛው በሐኪሙ ፊት አውቆ በፍጥነት ሲተነፍስ ያው የሚፈራው ሕመም ይመጣበታል፤ ይህን ያየ ሰው ልቤ ሊቆም ነው ከሚለው ፍርሃቱ ብዙ ይቀልለታል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። የፈራ ሰው ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በእውነት ቢሮጥ ኖሮ ጡንቻው ብዙ የተቃጠለ አየር ስለሚያወጣ ሚዛኑ አይዛነፍም ነበር። እርሱ ግን በወንበር ላይ ተቀምጧል። የተቃጠለው አየር ከደሙ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ደሙ አሲድነቱ ይቀንሳል፤ ወደ አእምሮ የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ስለዚህ ያዞረዋል። በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየምም ሥራውን በልክ መሥራት ስለማይችል ነርቮች በትንሹ ይቈጣሉ፤ ከንፈር ይነዝራል፥ ጣት ይኮራመታል። የሚያሳዝነው፥ ይህ ሁሉ ለሰውየው አየር እንዳጠረው ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ይብስ ይስባል፤ በሳበ ቍጥር ይብስበታል። እኛም በዚያ ቀን «ሳቢ! ሳቢ!» እያልን ስንጮኽ በእሳት ላይ ጋዝ እናፈስስ ነበር።

ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች እንዲህ ላለው በሽተኛ የወረቀት ከረጢት በአፉ ላይ ይዞ የገዛ ትንፋሹን መልሶ እንዲስብ ያዝዙ ነበር። አሳቡ ከሃልዴን ትምህርት ጋር የሚስማማ ቢሆንም፥ እውነተኛ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ያለበትን ሰው ኦክሲጅን አሳጥቶ ሊገድል የሚችል መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ዛሬ አይመከርም። ይህን የምንጽፈው ከረጢቱን በፊልም ያየ ተማሪ ብዙ ስለሆነ ነው።

በከረጢቱ ፋንታ የመጣው ዘገምተኛ አተነፋፈስን ማስተማር ነው። በእንግሊዝ አገር በ1985 ክላርክ፥ ሳልኮቭስኪስና ቻክሊ ድንገተኛ ድንጋጤ የሚይዛቸውን ሰዎች ይህን አስተምረው ድንጋጤው እንደቀነሰላቸው አሳተሙ። እውነቱን ለመናገር ግን ክርክር አልጠፋም። በ2000 የወጣ አንድ ጥናት፥ በሽተኛው ፍርሃቱን ራሱን ፊት ለፊት እንዲጋፈጥ ከተደረገ የትንፋሹ ትምህርት ብዙ እንደማይጨምርለት አሳይቷል። እንዲያውም «ካልተነፈስኩ እሞታለሁ» ብሎ ልምምዱን እንደ ክታብ የሚይዝ ሰው ከፍርሃቱ አይወጣም የሚሉ አሉ። ይህ ተገቢ ማስጠንቀቂያ ይመስለናል።

የመምህራችን ቃል ግማሹ እዚህ ላይ ተፈታ፤ ግማሹ ግን ይቀራል። መሳብ ካልጠቀመ፥ ማውጣት የሚጠቅመው ለምንድር ነው?

በ1847 ካርል ሉድቪግ የተባለ የጀርመን ሊቅ በራሱ በሠራው መመዝገቢያ መሣሪያ፥ የልብ አመታት ከትንፋሽ ጋር እንደሚለዋወጥ አየ፤ ስንስብ ልብ በጥቂቱ ይፈጥናል፥ ስናወጣ ይዘገያል። አንባቢ ጣቱን በእጁ የደም ሥር ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ቢተነፍስ ይህን ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ልብን የሚያዘገየው ከአእምሮ ሥር ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርድ ቬገስ የተባለ ነርቭ ነው። የሚሠራበትን መንገድ ያገኘው ኦቶ ሎቪ ሲሆን፥ ታሪኩ ደስ የሚል ነው። ሎቪ ራሱ እንደ ተረከው፥ ሙከራው በሕልሙ ታየውና ነቅቶ በወረቀት ጫረው፤ ሲነጋ ግን ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተው። በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ሲመለስለት ጊዜ አላጠፋም፤ በቀጥታ ወደ መሞከሪያ ክፍሉ ሮጠ። የአንድ እንቍራሪት ልብ ቬገስን ቀስቅሶ ልቡ ሲዘገይ፥ በዙሪያው የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ እንቍራሪት ልብ ላይ ቢያፈስሰው ሁለተኛውም ዘገየ። ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር በዚህ ታወቀ። ይህ በ1921 ሆኖ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

ሰው በተለመደው ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ወደ ስድስት ሲወርድ የልብና የደም ግፊት ሞገዶች ከትንፋሹ ጋር ይገጥማሉ። በ2001 የኢጣልያው ሐኪም ሉቺያኖ ቤርናርዲና ጓደኞቹ 23 ጤነኛ ሰዎችን የካቶሊኮችን የመቍጠሪያ ጸሎት በላቲን፥ የዮጋንም ማንትራ እንዲደግሙ አድርገው ቢለኩ፥ ሁለቱም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ያወርዳሉ። አንዱ ከአንዱ ርቀው የኖሩ ሁለት ሕዝቦች አንድ ልክ ላይ መድረሳቸው ከጥናቱ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ነው።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ወደ አእምሮ ገባ። የትንፋሽን ምት የሚመታው ጥቂት የነርቭ ሴሎች ያሉበት ቦታ በ1991 ተገኝቶ ነበር፤ በ2017 ደግሞ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ፥ ከእነዚህ ሴሎች አንዳንዶቹ አእምሮን ለሚያነቃውና ለሚያስደነግጠው ክፍል መልእክት እንደሚልኩ ታወቀ። ሴሎቹ ሲወገዱ አይጦቹ ረጋ ብለው በዝግታ ይተነፍሱ ጀመር። እንግዲህ ጭንቀት ትንፋሽን እንደሚያፈጥን ሁሉ ትንፋሽም ወደ አእምሮ መልሶ ይናገራል ማለት ነው።

በ2023 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጥናት እኛን ተማሪዎች ይበልጥ ይመለከታል። ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተከፋፍለው በቀን አምስት ደቂቃ ለአንድ ወር ልዩ ልዩ አተነፋፈስ ወይም ተመስጦ ተለማመዱ። ከሁሉ ይልቅ ስሜታቸው የተሻለላቸው፥ በአፍንጫ ስበው፥ በላዩ ሌላ አጭር ትንፋሽ ጨምረው፥ ከዚያ በአፍ በረዥሙ ያወጡት ናቸው። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ ሳቀ። «ይህማ እፎይ ማለት ነው!» አለ። እውነቱን ነው። በአማርኛ ዕረፍትን የሚያመለክተው ቃል ራሱ ረዥም የሚወጣ ትንፋሽ ነው፤ ችግር የቀለለለትን ሰውም «ተንፈስ አለ» እንላለን።

ስለ ትካዜ፥ ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ ስለሚሉት ከባድ ሕመም፥ ያገኘነው ከዚህ ያነሰ ነው። በባንጋሎር ተደርጎ በ2000 የታተመ ጥናት 45 ከባድ ትካዜ ያለባቸውን ሰዎች በሦስት ከፍሎ ለአንዱ ክፍል የኤሌክትሪክ ሕክምና፥ ለሁለተኛው ኢሚፕራሚን የተባለውን መድኀኒት፥ ለሦስተኛው ሱዳርሻን ክሪያ የተባለውን የህንድ የትንፋሽ ልምምድ ሰጠ። የኤሌክትሪኩ ሕክምና ከሁሉ በለጠ፤ የትንፋሹ ልምምድ ከመድኀኒቱ ብዙ አልራቀም። ነገር ግን በየክፍሉ 15 ሰው ብቻ ነው። በ2023 ሃያ ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎችም ልምምዱ ጭንቀትንና ትካዜን በመጠኑ እንደሚያቀልል አግኝተው፥ ጥናቶቹ ጕድለት ስላለባቸው ከመጠን በላይ እንዳናወድሰው አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ለሳምንታት ከምግብ፥ ከእንቅልፍና ከጓደኛ የተለየ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ጽሑፍ አይተው «ተንፍስ፥ ይለቅሃል» ብለው እንዳያቈሙት፥ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት እንለምናለን። አስም ወይም የልብ በሽታ ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጽሑፉን ጨርሰን መጀመሪያ ያነበብንላት ያችው ጓደኛችን ናት። የዳ ኮስታን ወታደሮች ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደገመችን። ከዚያ «እነርሱንም ታስመስላላችሁ ተብለዋል?» ስትል ጠየቀች። አዎን አልናት። «ማስመሰል ነው» ያለው ጓደኛችንም አብሮን ተቀምጦ ነበርና፥ ቀና ሳይል በረዥሙ ተነፈሰ።